ከፍ ያለ መኪና፣ የተመቸ ጉዞ፦ የሞላና የአሞርዛተር ምርጫ በፊዚክስ ዓይን

ሮበርት ሁክ የሞላን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1678 አሳትሞ ለዓለም ካቀረበ ወዲህ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ሞላ የሚሳበው ወይም የሚታመቀው በተጫነው ኃይል መጠን መሆኑን ይማራል። በፈተና ወረቀት ላይ መልሱን አስተካክሎ የሚጽፍ ሰው ግን ገንዘቡን አውጥቶ እውነተኛ ሞላ ሲገዛ ያንን ሕግ ያስታውሰዋልን? እኛ አላስታወስነውም። ፊዚክስ እያስተማርን ሳለ ሞላ የመረጥነው በዓይናችን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ስሕተታችንን እንደ መነሻ ወስደን፣ የአሮጌ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪናን ቁመት ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልጉ ክፍሎች እንዴት ሊመረጡ እንደሚገባ እንመለከታለን።

ከዓመታት በፊት ቤተሰባችን አንድ አሮጌ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ የዋለው 80 ሲሪስ የሚባለው ዓይነት ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው 60 ሲሪስ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ 80 ሲሪስ ግን በአራቱም ጎማ ላይ ጥቅል ሞላ ስላለው በምቾቱ የታወቀ ነው። መኪናው ዕድሜው የገፋ ቢሆንም በኮረኮንች ላይ ሲሄድ ተሳፋሪውን አያንገላታም ነበር። ነገር ግን ወደ ትውልድ መንደራችን በሚወስደው የፒስታ መንገድ ላይ ሆዱ ድንጋይ እየነካ አስቸገረን። ስለዚህ «ከባድ ሥራ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ወፍራም ሞላዎች ገዝተን አስገጠምን። ሐሳባችን መኪናውን 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ነበር። መኪናው ባዶውን ሲቆም ከ80 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ አለ፤ መሪውም ከኩርባ በኋላ በራሱ አልመለስ አለ። በመጀመሪያው ጉዞ የወገብ ሕመም ያለባቸው እናታችን ከመኪናው ሲወርዱ፣ «ልጄ፣ ይኼ መኪና ድሮ ይሸከመኝ ነበር፤ አሁን ግን ይወረውረኛል» አሉን። ከዚህ አባባል የተሻለ የችግሩ ማጠቃለያ እስካሁን አላገኘንም።

ከፍ የሚለው ምኑ ነው?

አስቀድመን አንድ የተለመደ አለመግባባት እናጥራ። ላንድ ክሩዘር 80 ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል አለው። ሞላው የተቀመጠው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ነው። ስለዚህ ረዘም ያለ ሞላ ስናስገባ ከፍ የሚለው ሻንሲውና ከእርሱ በላይ ያለው አካል ብቻ ነው። አክስሉ፣ በተለይም ዝቅ ብሎ የሚታየው የዲፈረንሻሉ ሆድ፣ ከነበረበት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይነሣም። የዲፈረንሻሉን ከፍታ የሚወስነው የጎማው ራዲየስ ነው። የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር በ50 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ በ25 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል።

እንግዲህ በሞላ የምናገኘው ጥቅም ምንድን ነው? መኪናው ጉብታ ሲወጣና ሲወርድ አፍንጫው፣ ጅራቱና ሆዱ መሬት እንዳይነኩ የሚያስችል ተጨማሪ አንግል እናገኛለን። የእኛ ችግር የሆድ መነካት ስለነበር ሞላ መቀየሩ ትክክለኛ አቅጣጫ ነበር። ችግሩ በዲፈረንሻል ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ገንዘባችንን በከንቱ ባወጣን ነበር።

ሞላና የውዝዋዜ ድግግሞሽ

አንድ ጎማ የሚሸከመውን የመኪና ክፍል እንደ አንድ መጠነ ቁስ፣ ሞላውን ደግሞ እንደ አንድ ተስማሚ ሞላ እንቁጠር። ለስሌት እንዲያመች መጠነ ቁሱ 500 ኪሎ ግራም፣ የሞላው ጥንካሬ ደግሞ 30 ኒውተን በሚሊ ሜትር ይሁን። ይህም ማለት ሞላውን በ1 ሚሊ ሜትር ለማመቅ 30 ኒውተን ያስፈልጋል ማለት ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ሞላው የሚታመቀው፦

500 × 9.81 ÷ 30 = 163.5 ሚሊ ሜትር

ተፈጥሯዊ ድግግሞሹ የሚገኘው የሞላውን ጥንካሬ (በኒውተን በሜትር) ለመጠነ ቁሱ አካፍለን፣ የውጤቱን ካሬ ሥር ወስደን፣ በ6.28 ስናካፍለው ነው፦

√(30,000 ÷ 500) ÷ 6.28 = 1.23 ኸርዝ

መኪናው ከጉብታ በኋላ በሰከንድ አንድ ጊዜ ከሩብ ያህል ከፍና ዝቅ ይላል ማለት ነው። የምቹ መኪናዎች ድግግሞሽ ባመዛኙ ከ1 እስከ 1.5 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። የሰው አካል ለአቀባዊ ንዝረት ይበልጥ የሚጎዳው ከ4 እስከ 8 ኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ ሞላው ለስላሳ በሆነ መጠን ከዚህ ክልል የሚመጣው የመንገድ ንዝረት ወደ ተሳፋሪው የመድረስ ዕድሉ ይቀንሳል።

ከፍ የማድረጊያ ሁለት መንገዶች

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። መኪናን በሞላ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ በሁለት ፍጹም የተለያዩ መንገዶች ይቻላል።

የመጀመሪያው፣ ጥንካሬው ሳይለወጥ ያልተጫነ ቁመቱ በ50 ሚሊ ሜትር የረዘመ ሞላ ማስገባት ነው። ሞላው አሁንም የሚታመቀው 163.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መኪናው በ50 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ድግግሞሹም 1.23 ኸርዝ እንደሆነ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ ቁመቱ ሳይለወጥ የጠነከረ ሞላ ማስገባት ነው። እዚህ ላይ መኪናው ከፍ የሚለው ሞላው የሚታመቀው አነስ ስለሚል፣ ማለትም 113.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥንካሬ 43.2 ኒውተን በሚሊ ሜትር ነው። ድግግሞሹ ወደ 1.48 ኸርዝ ያድጋል። በቆመ መኪና ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ሜትር ይዞ የሚለካ ሰውም ልዩነት አያገኝባቸውም። ልዩነቱን የሚያገኘው የተሳፋሪው ወገብ ነው።

በገበያ ላይ ያሉት ሞላዎች ብዙውን ጊዜ የሁለቱ ድብልቅ ናቸው። አምራቾች አንዱን ሞላ ለቀላል፣ ሌላውን ለመካከለኛ፣ ሌላውን ለከባድ ጭነት ብለው ደረጃ ይሰጡታል። እኛ የገዛነው ለከባድ ጭነት የተሠራው፣ ጥንካሬው 45 ኒውተን በሚሊ ሜትር የሆነው ነበር እንበል። ይህ ሞላ የታሰበው በአንድ ጎማ ላይ 650 ኪሎ ግራም ሲጫን 50 ሚሊ ሜትር ከፍታ እንዲሰጥ ነው። በዚህ ጭነት የሚታመቀው 141.7 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ መኪና ግን ባዶ ስለነበር፣ በ500 ኪሎ ግራም የታመቀው 109 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቀረው 33 ሚሊ ሜትር በ50ው ላይ ተጨምሮ መኪናው 83 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ። ድግግሞሹም 1.51 ኸርዝ ሆነ። ለተመሳሳይ የውዝዋዜ ስፋት ፍጥንጥነቱ በጥንካሬና በመጠነ ቁስ ምጣኔ ስለሚወሰን፣ እናታችን የተሰማቸው ፍጥንጥነት በ50 በመቶ አድጓል ማለት ነው። «ይወረውረኛል» ያሉት በቁጥር ሲገለጽ ይህ ነው።

ሞላን በካሊፐር ማንበብ

የጥቅል ሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት አራተኛ ኃይል (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ጋር በቀጥታ፣ ከጥቅሉ ዲያሜትር ሦስተኛ ኃይልና ከጥቅሎቹ ብዛት ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። ውጤቱ አስገራሚ ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሽቦው ከ16 ወደ 17 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ጥንካሬው በ27 በመቶ ያድጋል። ዓይን የማይለየውን የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት መኪናው በሚገባ ይለየዋል። ስለዚህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ካሊፐር ይያዝ፤ የሽቦውን ውፍረት፣ የጥቅሉን ዲያሜትርና የሚሠሩትን ጥቅሎች ብዛት ከነባሩ ሞላ ጋር ያስተያይ።

«ሞላው አርጅቶ ለስልሷል» የሚለው አባባልም መታረም አለበት። የብረቱ ባሕርይና የሽቦው ውፍረት ስላልተለወጡ፣ ዝገት ካልበላው በስተቀር የአሮጌ ሞላ ጥንካሬ በተግባር ያው ነው። የቀነሰው ቁመቱ ነው፤ ለዓመታት ተጭኖ በመቆየቱ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ አይመለስም። እንግዲህ አንድ አሮጌ መኪና በ20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከነበረ፣ ፋብሪካው የሰጠውን ዓይነት አዲስ ሞላ ማስገባት ብቻውን 20 ሚሊ ሜትር ይመልሳል። ብዙ ሰው «ከፍ አደረግሁ» የሚለው ገሚሱ እንዲህ ያለ እድሳት ነው። ልኬቱም ከመሬት ሳይሆን ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቢወሰድ የጎማ ነፋስና የጎማ ማለቅ አያሳስቱንም።

ባሌስትራ ላላቸው መኪናዎችም ትምህርቱ ያው ነው። አምስት እኩል ቅጠሎች ባሉት ባሌስትራ ላይ ስድስተኛ ቅጠል ቢጨመር ጥንካሬው በ20 በመቶ ያህል ያድጋል፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ሰበቃም ይበዛል። በጋራዦቻችን የተለመደው «ቅጠል መጨመር» ዕቃ ለሚጭን መኪና መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ብቻ ለሚጭን መኪና ግን ምቾትን በከፍታ መለወጥ ነው።

ከመግዛት በፊት መመዘን

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ምክር ያመራናል፦ ሞላ ከመግዛታችን በፊት መኪናውን እንመዝን። በመኪና ሚዛን ላይ አስቀድሞ የፊት ጎማዎችን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ በማቆም የእያንዳንዱን አክስል ድርሻ ማወቅ ይቻላል። ከዚህ ላይ የአክስሉንና የጎማዎቹን ክብደት ስንቀንስ ሞላዎቹ የሚሸከሙትን እናገኛለን። የሚመዘነውም በምኞታችን ሳይሆን በአዘቦት ጉዟችን ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ከመኪናው የማይወርደው ዕቃ በውስጡ እንዳለ።

በተቃራኒው፣ እጅግ ለስላሳ ሞላ መምረጥም ስሕተት ነው። በ30 ኒውተን በሚሊ ሜትር ሞላ ላይ በእያንዳንዱ ጎማ 150 ኪሎ ግራም ብንጨምር መኪናው 49 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በብዙ ወጪ ያገኘነው 50 ሚሊ ሜትር በአንድ ጭነት ጠፋ ማለት ነው።

የፊትና የኋላ ሞላዎችም እንደ ጥንድ ይመረጡ። ሞሪስ ኦሊ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጄኔራል ሞተርስ ባደረገው ጥናት፣ የኋላው ድግግሞሽ ከፊተኛው ጥቂት ከፍ ሲል መኪናው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዙን ቶሎ እንደሚተው አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የ80 ሲሪስ የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 2.85 ሜትር ስለሆነ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ የኋላው ጎማ ጉብታውን የሚያገኘው ከፊተኛው 0.17 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ኋላ የጀመረው የኋላ ክፍል ፈጠን ካለ ፊተኛውን ይደርስበታል፤ አካሉም በእኩል ይነሣል፣ በእኩል ይወርዳል። ከፊት ብቻ ጠንካራ ሞላ የሚያስገባ ሰው ይህን ሥርዓት ያፈርሳል።

አሞርዛተሩ

ሞላ ጉልበት ያከማቻል እንጂ አያጠፋም። የውዝዋዜውን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጠው አሞርዛተሩ ወይም ሾክ አብዞርበሩ ነው። ውዝዋዜን ጨርሶ ለማስቀረት የሚበቃውን ወሳኝ ማርገብ 1 ብንለው፣ የመኪና አሞርዛተር ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ባለው ምጣኔ ይሠራል። ምጣኔው 0.3 ሲሆን ከአንድ ሙሉ ውዝዋዜ በኋላ የሚቀረው ስፋት 14 በመቶ ብቻ ነው። አሞርዛተሩ አርጅቶ ምጣኔው 0.1 ቢደርስ ግን 53 በመቶው ይቀራል።

ወሳኙ ማርገብ ከጥንካሬና ከመጠነ ቁስ ብዜት ካሬ ሥር ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ሞላውን በ44 በመቶ አጠንክረን ነባሩን አሞርዛተር ብንተወው፣ ምጣኔው ከ0.3 ወደ 0.25 ይወርዳል። ሞላና አሞርዛተር በአንድነት መመረጥ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ርዝመቱም ቸል አይባልም። ሞላው 50 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ነባሩ አሞርዛተር ቆሞ ሳለ በ50 ሚሊ ሜትር ተስቦ ይገኛል። ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ሊከተለው የሚችለው ርቀት በዚያው ልክ ያጥራል፤ አሞርዛተሩም ማርገቢያ መሆኑ ቀርቶ አክስሉን አንጠልጥሎ የሚይዝ ገመድ ይሆናል። ረጅም አሞርዛተር ሲገዛ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ ያለው ርዝመት ይለካ። የማቆሚያው ጎማ ሻንሲውን ከመንካቱ በፊት አሞርዛተሩ ከታችኛው ጫፉ ከደረሰ፣ የመኪናው ክብደት ሁሉ በአሞርዛተሩ ማሠሪያ ላይ ያርፋል።

መሪው ለምን አልመለስ አለ?

የፊት አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ወደ ኋላ የሚዘረጉ ክንዶች ናቸው። ሻንሲው ከፍ ሲል የክንዶቹ የኋላ ጫፍ አብሮ ይነሣል፤ አክስሉም ከክንዶቹ ጋር ይዞራል። ክንዱ 1 ሜትር ነው ብንል፣ 50 ሚሊ ሜትር ከፍታ 2.9 ዲግሪ፣ 83 ሚሊ ሜትር ደግሞ 4.8 ዲግሪ ያዞረዋል። ይህ ዙር ካስተር የሚባለውን የመሪ ምሰሶ ዘንበል ማለት ይቀንሳል። ካስተር የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ እንደማዘንበሉ ያለ ነው፤ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ የሚመለሰው በእርሱ ነው። ፋብሪካው የሰጠው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ እኛ ከሞላ ጎደል ሁሉንም አጥፍተነው ነበር። መፍትሔው ቀዳዳቸው ከመሐል ፈቀቅ ያለ የጎማ ቡሾችን በክንዶቹ ላይ ማስገባትና አንግሉን በመሣሪያ ማስለካት ነው።

አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው አግድም ዘንግም ሚና አለው። 1 ሜትር ርዝመት ኖሮት በጫፎቹ መካከል 100 ሚሊ ሜትር የከፍታ ልዩነት ቢኖረው፣ ልዩነቱ ወደ 150 ሲያድግ በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት አክስሉ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሳባል። የፍሬን ቱቦዎችም አክስሉ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ ሳለ እንዳይወጠሩ መታየት አለባቸው። ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ጉዳይ ነው።

መገልበጥ

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ የመረጋጋት ጥያቄ ነው። አንድ መኪና ለመገልበጥ ያለው ዝንባሌ የሚገመተው የግራና የቀኝ ጎማዎችን ርቀት ለስበት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ በማካፈል ነው። ርቀቱ 1.6 ሜትር፣ የማዕከሉ ከፍታ 0.80 ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.00 ነው። አክስሎቹ ስለማይነሡ የ50 ሚሊ ሜትር ሞላ የመላውን መኪና ማዕከል በ40 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ውጤቱም 0.95 ይሆናል።

አሁን 2,200 ኪሎ ግራም በሚመዝነው በዚሁ መኪና ፖርቶመጋላ ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ፣ 100 ኪሎ ግራም ጤፍ እንጫን። የስበት ማዕከሉ ከ0.84 ወደ 0.89 ሜትር ይወጣል፤ ውጤቱም 0.90 ይሆናል። በጣሪያ ላይ የተጫነ አንድ ኩንታል መረጋጋትን የጎዳው ከሞላው ይበልጥ ነው። መኪናውን ከፍ ያደረገ ሰው ዕቃውን ከጣሪያ ወደ ወለል ቢያወርድ ያጣውን ይመልሳል፤ ሁለቱን አብሮ የሚያደርግ ግን በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ ዕዳ ይከፍላል።

መደምደሚያ

እኛም በመጨረሻ ማድረግ የነበረብንን አደረግን። መኪናውን መዘንን፤ ዘወትር የምንሸከመው በአንድ ጎማ 50 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ መሆኑን አወቅን። የምንፈልገውንም ከፍታ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ቀነስን። በምሳሌያችን ቁጥር ብናሰላው፣ የመረጥነው ጥንካሬው 33 ኒውተን በሚሊ ሜትር የሆነ፣ በ40 ሚሊ ሜትር የረዘመ ሞላ ነው። ይህ ሞላ በ550 ኪሎ ግራም ሲጫን የሚታመቀው 163.5 ሚሊ ሜትር፣ ድግግሞሹም 1.23 ኸርዝ ነው፤ ፋብሪካው ከሰጠው ጋር አንድ። ከእርሱ ጋር የሚመጣጠን አሞርዛተርና የካስተር ማስተካከያ ቡሾች አስገባን። ሆዱ ድንጋይ መንካቱን ተወ። እናታችን በቀጣዩ ጉዞ ስለ መኪናው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ግማሹን መንገድ ተኝተው ነበርና።

የምርጫውን ቅደም ተከተል እናጠቃልል፦ መመዘን፣ የነባሩን ሞላ ልኬት መውሰድ፣ የሚበቃውን ዝቅተኛ ከፍታ መወሰን፣ ሞላን ከእውነተኛው ጭነት ጋር ማዛመድ፣ አሞርዛተርን ከሞላው ጋር ማጣመር፣ በመጨረሻም ካስተርንና የፍሬን ቱቦዎችን መፈተሽ። የከበደው ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ የሚሻለው የተመጠነው ነው።

መልመጃ

1. በአንድ ጎማ ላይ 450 ኪሎ ግራም የሚያርፍበት መኪና 27 ኒውተን በሚሊ ሜትር የሆነ ሞላ አለው። ድግግሞሹ በምሳሌያችን ካለው ነባር መኪና ይለያልን? ለምን?

2. ጥንካሬው 35 ኒውተን በሚሊ ሜትር በሆነ ሞላ ላይ 150 ኪሎ ግራም ቢጨመር መኪናው ስንት ሚሊ ሜትር ይወርዳል?

3. በፖርቶመጋላው ላይ ያለው ኩንታል ከመሬት 0.9 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወለል ቢወርድ የመኪናው የስበት ማዕከል በስንት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል?

መልስ፦ (1) አይለይም፤ የጥንካሬውና የመጠነ ቁሱ ምጣኔ አንድ ስለሆነ 1.23 ኸርዝ ነው። (2) 42 ሚሊ ሜትር። (3) 48 ሚሊ ሜትር ያህል።